ውሃ የነሳኋቸው ዛፎች

ባለቤቴ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። ቀኑን ከብረት ጋር ሲታገል ይውላል፤ ማታ እጁን በነጭ ጋዝ አስለቅቆ ሲገባ የሚያወራው ግን ስለ ብርቱካን ነው። ሥራው ወደ ኤረር በላከው ቁጥር እዚያ ካሉት የፍራፍሬ እርሻዎች ችግኝ ለምኖ፣ በዘይት ቆርቆሮ አፈር ሞልቶ፣ ከመሣሪያ ሳጥኑ ጋር በባቡር ጭኖት ይመጣል። ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሐርላ የሚወስደው መንገድ ተራራውን ከመያዙ በፊት፣ በአሸዋማው ወንዝ ዳር አንድ ቁራጭ መሬት ነበረው። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚያ ነው። "ጡረታ ስወጣ ወንበሬን ከሥራቸው አድርጌ እቀመጣለሁ፤ አንቺም ትመጫለሽ" ይለኝ ነበር። ወንበሩ ሳይወጣ ወባ ወሰደው። ዛፎቹ ገና ማፍራት መጀመራቸው ነበር።

ከተዝካሩ በኋላ ሰው ሁሉ መሬቱን ልቀቂው አለኝ። እውነትም ስለ ግብርና የማውቀው ከቀፊራ ገበያ ያልላሸቀ ቲማቲም መምረጥ ብቻ ነበር። ነገር ግን ልጅ አልወለድንም፤ ከእሱ የቀረኝ ነገር ቢኖር እነዚያ ዛፎች ናቸው። ጥላ በጥላ ከሆነው ከከዚራ ሰፈር የሠራተኛ ቤት ዕቃዬን በጋሪ ጭኜ ወጣሁና እሱ ለዕቃ ማስቀመጫ የሠራትን ቤት አስፍቼ ገባሁባት። "ያን ሁሉ ጥላ ትተሽ ገደል ሥር?" አለችኝ አንዷ የማኅበር ጓደኛዬ።  ብዙም ሳይቆይ የመሬት አዋጁ መጣና መሬቱ የገበሬ ማኅበሩ ሆነ። እኔ እዚያው ስለምኖርና በገዛ እጄ ስለምቆፍር በአባልነት ተመዝግቤ፣ ዛፎቹን እየተንከባከብኩ ፍሬያቸውን መብላት ቀጠልኩ።

ግብርናን ያስተማረችኝ ጎረቤቴ ናት። ኦሮሞ ናት፤ ወላጆቿ የሐርላ ሰዎች ናቸው። እሷና ባሏ ከእኔ ቀጥሎ ባለው መሬት ሽንኩርትና ቃሪያ ያለማሉ፤ ማሽላቸውን ደግሞ ከፍ ብሎ ሐርላ አጠገብ ባለው ዳገት ላይ፣ ሰማይን አምነው ይዘራሉ። እሷ "እህቴ" ትለኛለች፤ እኔ "ኦቦሌቲ" እላታለሁ፤ በሷ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትቀጥልና በሶማልኛ ትስቅበታለች። ባሏ ቁጥብ ሰው ነው፤ እሷ ስትናገር ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፣ ሐሳቡን የሚናገረው ሁሉም ሰው ከጨረሰ በኋላ ነው። የምንጠጣውንም የምናጠጣበትንም ውሃ የምንቀዳው ከአንድ ጉድጓድ ነበር። የኔው ባለቤትና የሷ ባል አንድ በጋ ሙሉ ተጋግዘው የቆፈሩት ጉድጓድ ነው። አንድ ቀን የኔ ተራ፣ አንድ ቀን የሷ። ስምምነቱ በወረቀት አልሰፈረም፤ ለዓመታት ግን አንድም ቀን አላጨቃጨቀንም።

በዚያን ጊዜ ዓመቱ መንገዱን ያውቅ ነበር። መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ አቧራውን ያስተኛል፤ ሚያዝያ ላይ ባሏ ማሽላውን ይዘራል። ሰኔ ላይ ሰማዩ ይጨክናል፤ ቡቃያው ግን ሥር ስለሰደደ ይችለዋል። ሐምሌና ነሐሴ ያሳድጉታል፣ ኅዳር ላይ ከሰው ቁመት ያለፈ ማሽላ ይታጨዳል። እህሉ ለሰው፣ አገዳው ለከብት፣ ለጣሪያና ለማገዶ። የኔ መንደሪኖች ደግሞ የበልጉ ዝናብ ሲነካቸው ያብባሉ። ያን ሰሞን ግቢው ሌላ ነው፤ ከከተማ የሚመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ አየሩን ይስባል።

ነገሩ መቼ እንደተለወጠ ብትጠይቁኝ ቀኑን ልነግራችሁ አልችልም። ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ጦርነት ማግሥት ይመስለኛል፤ መጀመሪያ ላይ ሁሉን ነገር በጦርነቱ ነበር የምናሳብበው። በልጉ አንድ ዓመት ቀረ፤ እንዲህማ ያጋጥማል ተባለ። በሚቀጥለው መጣ፤ መጋቢትን ዘልሎ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ መጣና በሳምንት ውስጥ ያለውን አራግፎ ሄደ። ከዚያ ደግሞ ሌሊቱ መቀዝቀዝ አቆመ። ድሬዳዋ መቼም ሙቅ ናት፤ ነገር ግን ቀድሞ ጎሕ ሲቀድ ከተራራው ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይወርድና ሰውም ቅጠልም ይተነፍስ ነበር። ያ ነፋስ ራቀን። መንደሪኖቹ አብበው፣ ፍሬ ይዘው፣ ፍሬው ሽንብራ ሲያህል ያረግፉት ጀመር። ጠዋት ስወጣ ከየዛፉ ሥር አረንጓዴ ጠጠር የተበተነ ይመስላል። እየጠረግሁ "ምን አጎደልኩባችሁ?" እላቸው ነበር፤ ብቻዬን የምኖር ሴት ነበርኩና ከዛፍ ጋር ማውራት አይከብደኝም።

ወሎ በድርቅ የተመታ ጊዜ፣ ሬዲዮኑም ሰዉም ስለ ሰሜኑ ሲያወራ፣ የኛም ሰማይ ጨርሶ ተዘጋ። ባሏ ሚያዝያ ላይ በደረቁ ዘራ፤ ጥቂት ካፊያ መጣና ቡቃያው ብቅ አለ፣ ከዚያ ቢጫ ሆኖ ተጋደመ። ግንቦት ላይ እንደገና ዘራ። እንደገና ተጋደመ። ለሦስተኛ ጊዜ የሚዘራው ዘር አልነበረም፤ የቀረውን ቤተሰቡ ሊበላው ግድ ሆነ። ከዳገቱ ሲመለስ አየሁት። ባዶውን ጆንያ አጣጥፎ በብብቱ ይዞ፣ ሰላምታ ሳይሰጠኝ አለፈ። በሰው ላይ የሚኮራ ሰው አልነበረም።

ጉድጓዱም ከእኛ ይሸሽ ጀመር። ገመዱን ቀጠልነው፤ ደግሞ ቀጠልነው። ባልዲው ታች ደርሶ የሚያሰማው ድምፅ እንኳ ተለወጠ፤ ቀድሞ "ቧ" ይል የነበረው ድንጋይ የነካ ጣሳ መሰለ። የሚወጣው ውሃ ጭቃ ስለሆነ በቆርቆሮ አስቀምጠን እስኪጠል እንጠብቃለን። ጎረቤቴ ሽንኩርቷን ተወችው፤ የቃሪያ መደቧን ብቻ ይዛ ቀረች። እኔ ግን ዛፎቼን ሁሉ አጠጣ ነበር። ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ፣ አንዱንም ሳላዳላ። ፍትሕ መስሎኝ ነው።

ከዚያ የሐርላ ዘመዶቿ ወረዱ። እነሱ ጋ ያለው ኩሬ ደርቆ፣ ፍየሎቻቸውን እየነዱ፣ ጀሪካናቸውን በአህያ ጭነው ጉድጓዳችን ላይ ደረሱ። ሴቶቹ ውሃውን ሲያዩ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ቀን እኔው ራሴ ቀዳሁላቸው። እነሱ ግን በነጋታውም መጡ፤ ከዚያ በኋላም መጡ፤ ሌሎችም ሰምተው መጡ። አንድ ጠዋት በኔ ተራ ባልዲውን ብሰድ ጭቃ ብቻ ይዞ ወጣ። ባልዲውን ወርውሬ ወደ ጎረቤቴ ግቢ ሄድኩ።

"ኦቦሌቲ፣ ይኼ ጉድጓድ የስንት ሰው ነው?"

ቃሪያዋ መሀል ጎንበስ ብላ ነበር። ቀና አለች። "የኔና ያንቺ ነው" አለች።

"ታዲያ የኔ ተራ ውሃ የት ገባ?"

"ሰው ጠጣው። ልጆች ጠጡት። ምን ልበላቸው፣ ሂዱ?"

"ፍየሎቹስ?"

"ፍየሉ ከሞተ ልጁ ምን ይጠጣል? አቦ አንቺ ደግሞ! እንጨት ታጠጫለሽ፣ ነፍስ ያለው ሲጠጣ ትቆጪያለሽ።"

"እንጨት" ያለችው ልቤን ወጋኝ። ባሌ የተከላቸው መሆናቸውን ታውቃለች፤ ስቀብረው አብራኝ ያለቀሰች ሴት ናት። "እንጨት አይደሉም" አልኳትና ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን ከአንገት በላይ ሆነ። እሷም ቁጢዋን ስታፈላ አልጠራችኝም፤ ያ የቡና ቅጠል መጠጥ በወተትና በጨው ተፈልቶ ከሷ ቤት ካልሆነ አይጥመኝም ነበር።

በዚያው ሰሞን የግብርና ባለሙያው መጣ። ወጣት ነው፤ ከደጋ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ፊቱ በድሬ ፀሐይ የተላጠ። በሞተር ብስክሌት እየዞረ ያየውን ጥፋት ሁሉ በቃሉ ይዞ የሚሄድ ይመስል ዓይኖቹ ደክመዋል። በዛፎቹ መሀል ሲዞር ቆየ። ቅጠሉን ገለበጠ፣ ከሥሩ ትንሽ አፈር ጭሮ በመዳፉ ጨመቀ።

"እትዬ፣ ስንት ጊዜ ነው የሚያጠጡት?" አለኝ።

"ተራዬ በደረሰ ቁጥር። ለሁሉም አዳርሳለሁ።"

"ችግሩ እሱ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ይኼ ውሃ አንዱንም ሥር አይደርስም። ላዩን አርሶ ፀሐይ ይወስደዋል። ሁሉንም አድናለሁ ካሉ ሁሉም ይሞታል። መምረጥ አለብዎት።"

"የቱን?"

"ግማሹን ይተዉት። የሚያስቀሩትን ደግሞ ቅርንጫፉን ይከርክሙት፣ ዘንድሮ ፍሬ አይጠብቁበት፤ ከሥሩ አገዳ ወይ ሣር ያልብሱት፣ በሳምንት አንዴ ግን አጥግበው ያጠጡት።"

"ዝናቡስ? አይመለስም?"

ወደ ሰማይ አላየም፤ መሬት መሬቱን ነው ያየው። "አላውቅም" አለኝ። "ልዋሽዎት አልፈልግም። እኔ የተማርኩት የዝናብ ወቅቱን እያወቅን ምን እንደምንዘራ ነው። ወቅቱ ራሱ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ የነገረን የለም።"

ስለ እውነቱ አከበርኩት። ምክሩን ግን አልተቀበልኩም። ከሄደ በኋላ ከመጀመሪያው ብርቱካን ሥር ተቀምጬ፣ እነዚህን ከምመርጥ ሁላችንም አብረን ብንሞት ይሻላል ብዬ አስቤአለሁ። አሁን ሳስበው የሐዘን ዕብደት ነበር።

ቀጥሎ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ። የምንሰበሰበው ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደጅ ባለው ግራር ሥር ነው። ከበስተጀርባችን ባለው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም "ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን" የሚለው መፈክር ተጽፏል፤ ፀሐዩ ቀለሙን ልጦት "ተፈጥሮን" የሚለው ብቻ ደምቆ ቀርቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከበላዩ የሚመጣበት ብዙ ነው። ለከተማው አትክልት አቅርቡ ይባላል፣ አትክልቱ ደግሞ እየደረቀ ነው። አጀንዳው ውሃ ሆነ። ተነሥቶ እንዲህ አለ፦

"ጓዶች፣ በማኅበራችን ክልል ያሉ ጉድጓዶች ለማኅበራችን ምርት ነው የተቆፈሩት። ከሐርላ የሚመጡት የሌላ ማኅበር አባላት ናቸው። የራሳቸው ማኅበር ይጠይቅላቸው። ከነገ ጀምሮ ጉድጓዶቹ ላይ ጥበቃ ይቆማል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ጓዲት፣ የፍራፍሬው ጉድጓድ ላይ ችግር እንዳለ ሰምተናል። አንቺም ቅሬታ እንዳለሽ ሰምተናል። ተናገሪ።"

ቅሬታዬን ማን እንደነገረው አላውቅም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለተጣላሁ መንገደኛም ሰምቶት ይሆናል። ጎረቤቴ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ነበር፤ ሻሿን ወደ ግንባሯ ስባ መሬት ታያለች። ባሏ ቆሟል። የእናቷ እህት፣ አሮጊት ሴት፣ ከስብሰባው ወዲያ ማዶ ከአህያዋ ጋር ቆማ ትጠብቃለች፤ አማርኛ አትሰማም፣ የሚወሰነው ግን ስለሷ መሆኑ ገብቷታል። ሊቀመንበሩ የፈለገው አንድ ቃል ብቻ ነው። "አዎ፣ ውሃዬን ጨረሱብኝ" ብል ጥበቃው ይቆማል፤ ዛፎቼም ውሃቸውን ያገኛሉ።

ተነሣሁ። ምን እንደምል አስቤ አልነበረም። አሮጊቷ እጇን በአህያዋ አንገት ላይ ጣል አድርጋ ስታየኝ አየሁ፤ በዚያ ቅጽበት ስለ ዛፎቼ ማሰብ አቃተኝ።

"ቅሬታ ነበረኝ" አልኩ። "ከጎረቤቴ ጋር ተጨቃጭቄአለሁ። ግን ጉድጓዱን የቆፈሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ባሌ ነው። ባሌ የተጠማ ሰው ሲመለስ አይቶ ዛፍ የሚያጠጣ ሰው አልነበረም። ጥበቃ ይቁም ካላችሁ አንድ ነገር ይጠብቅ፤ መጀመሪያ የሰው ጀሪካን ይሙላ፣ ቀጥሎ እንስሳ ይጠጣ። የተረፈው ለኔና ለሷ ይበቃናል።"

"ዛፎቹስ፣ ጓዲት? ማኅበሩ ፍሬ ይጠብቃል።"

"ዛፎቹን እኔ አውቃለሁ" አልኩና ተቀመጥኩ። 

 ከዚያ የጎረቤቴ ባል ጉሮሮውን ጠረገ። ሁሉም ሰው ስለ ጨረሰ ተራው ደርሶ ነበር። "ጉድጓዱን የቆፈረው ሁለተኛው ሰው እኔ ነኝ" አለ። "እሷ ባለችው ይሁን።" ሊቀመንበሩ ወዲያ ወዲህ ተመለከተ። ተቃዋሚ ሲያጣ እሱም የተገላገለ መሰለ። "እንግዲህ ባለቤቶቹ ከተስማሙ" አለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ሄደ።

በማግሥቱ ከጠዋቱ ጎረቤቴ ምሳር ይዛ መጣች። ባሏ ከኋላዋ መጋዝ ይዟል። አልጠራኋቸውም፤ ግማሹን ዛፍ መቁረጥ ግድ እንደሆነብኝ ግን ገብቷቸዋል። በር ላይ ቆመች።

"ብቻሽን አትቆርጪም" አለችኝ።

ምርጫውን ግን እኔ ነበርኩ ማድረግ የነበረብኝ። በየረድፉ ዞርኩ። በመጀመሪያ ያረጁትን ብርቱካኖች አየሁ፤ ትልልቅ ናቸው፣ ብዙ ይጠጣሉ፣ ከሁሉም በፊት የተተከሉ ናቸው። ባሌ ከኤረር በመጀመሪያው ጉዞው ያመጣቸው። መንደሪኖቹ ያንሳሉ፣ ግንዳቸው ገና ለስላሳ ነው፣ ከጉድጓዱም ይቀርባሉ። አእምሮዬ መንደሪኖቹን ይላል፣ ልቤ ብርቱካኖቹን። አንዱን ብርቱካን ከታች ጫር ጫር አድርጌ ቅርፊቱን አየሁት፤ ውስጡ ቡናማ ሆኗል። ቀጥሎ ያለውም እንዲያው። እኔ ሁሉንም በእኩል እያጠጣሁ መስሎኝ እነሱ ቀድመው ከውስጥ መሞት ጀምረዋል።

"እነዚህ" አልኩ።  በእጄ አሳየኋቸው።

መጋዙ እርጥብ እንጨት ሲበላ የሚያሰማው ድምፅ አሁንም ይታወሰኛል፤ የብርቱካን እንጨት ሲቆረጥ እንደ ፍሬው ይሸታል። አላለቀስኩም። ሥራ በዛብኝ። ቅርንጫፉን እየጎተትን ወደ በሩ ስንወስድ የሐርላ ሴቶች ከነፍየሎቻቸው መጥተው ነበር፤ ፍየሎቹ ገመዳቸውን በጥሰው ቅጠሉ ላይ ሰፈሩበት። እንዲያ ያለ ጩኸትና መገፋፋት አይቼ አላውቅም። አሮጊቷ አክስት ወደ እኔ መጥታ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?" ብዬ ጎረቤቴን ጠየቅኋት።

"ባልሽን እየመረቀች ነው" አለችኝ። "በሕይወት ያለ መስሏት ነው፤ ዕድሜ ይስጠው ትላለች።"

"አሜን በያት" አልኩ። ሁለታችንም እንባችን እየወረደ ሳቅን። በዚያን ዕለት ከሰዓት ከሷ ቤት ቁጢ ጠጣሁ።

ከዚያ በኋላ የተረፉትን መንደሪኖች ባለሙያው እንዳለኝ አደረግኳቸው። ከሥራቸው የማለብሰው አገዳ ግን አልነበረም፤ ማሽላ በሌለበት አገዳ የለም፣ ያለውንም ከብት ይበላዋል። የብርቱካኖቹን ቀጫጭን ጭራሮና ፍየል ያልበላውን ተረፈ ቅጠል፣ ከሐርላ ፍየሎች ፍግ ጋር ቀላቅለን ከሥሩ ከመርን። በሳምንት አንዴ አጥግቤ አጠጣለሁ፣ በሌላው ቀን ዓይኔን ከነሱ አሸሻለሁ። አንዳንዶቹ እንዲያም ሆኖ ሞቱ። የቀሩት ቅጠላቸውን ጠቅልለው፣ ሙቀቱ እስኪያልፍ ትንፋሻቸውን የያዙ መስለው ቆዩ። ያን ዓመት ከግቢዬ አንዲት ፍሬ አልወጣም። የበላሁት ጎረቤቴ የቃሪያ መደቧን ከኔ ጋር ስለተካፈለች ነው፤ በቃሪያና በእርዳታ ስንዴ ከረምን።

የሚቀጥለው ዓመት ባለሙያው በሞተሩ ላይ ከረጢት ጭኖ መጣ። ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዘር ነው። "ሰኔ መጨረሻ ላይ ዘርተው መስከረም መጨረሻ ያጭዱታል" አለ ለጎረቤቴ ባል። "በልጉ ቢቀር እንኳ ክረምቱ ይበቃዋል።"

ባሏ ዘሩን በመዳፉ አገላበጠው። "አገዳው እስከ የት ይደርሳል?"

"አጭር ነው። እስከ ወገብ።"

"ከብቴ ምን ይበላል? ጣሪያዬን በምን እከድናለሁ?"

ባለሙያው ከረጢቱን ወደሱ አስጠጋ። "ለሱ መልስ የለኝም" አለ። "እህል ግን ይሰጥዎታል።"

ባሏ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ እንዳደረ ሚስቱ ነገረችኝ። ጠዋት ተነሥቶ "ልጆች አገዳ አይበሉም" ብሎ ዘሩን ወሰደ።

ያን ዓመት ዝናቡ መጣ፤ አመጣጡ ግን እንደ ዘመድ አልነበረም። ሐምሌ ውስጥ፣ በኛ በኩል ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እያቃጠለን፣ ከደጋው በኩል የጉርምርምታ ድምፅ ሰማን። ጎረቤቴ ከመደቧ ቀና ብላ "ወንዙ!" ብላ ጮኸች። ያንን ጩኸት የድሬ ሰው ያውቀዋል። የያዝነውን ጥለን ወደ ዳገቱ ሮጥን። ከላይ ሆነን ስናይ ያ በጋውን ሙሉ ጋሪ የሚሄድበት ደረቅ አሸዋ፣ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ፣ ቀይ ሆኖ ወረደ። የቃሪያ መደቧን እንደ ሰሌን ጠቅልሎ ወሰደው። ከኔም ግቢ የታችኛውን አጥር፣ ብርቱካኖቹን የቆረጥንበትን ባዶ መሬት አጥቦ፣ ጉድጓዱንም በደለል ሞልቶት አለፈ። መንደሪኖቹ ከፍ ያለው ላይ ስለነበሩ ተረፉ።

ውሃው ሲጎድል ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመን ተያየን። ዓመት ሙሉ ውሃ ለምነን፣ ውሃው መጥቶ ውሃችንን ደፈነው። የሐርላ ሰዎች ወሬውን ሰምተው መጡ፤ አካፋና ዶማ ይዘው፣ ማንም ሳይጠራቸው። እየተቀባበሉ ደለሉን አወጡት። ወንዶቹ ሲቆፍሩ ሴቶቹ በቆርቆሮ እያወጣን ደፋን። የወጣውን ለም ደለል አልጣልነውም፤ ጎረቤቴ አዲስ መደብ አድርጋ ዘረጋችው፣ በዚያ ላይ የበቀለው ቃሪያ እንደዚያ ዓመት አፍርቶ አያውቅም።

ዳገቱ ላይ ያለው አጭር ማሽላ ግን ሌላ ፈተና ገጠመው። ባለሙያው እንዳለው መስከረም ላይ ደረሰ። በአካባቢው ሁሉ የደረሰ እህል እሱ ብቻ ነበር፤ የግሪሳ ወፍም የሚያርፍበት ሌላ ማሳ አልነበረውም። ደመና መስሎ መጣ። ጎረቤቴ "እህቴ፣ ድረሽልን" ብላ ላከችብኝና ወጣሁ። ማማ ላይ ቆመን፣ ባሏ በወንጭፍ፣ እኛ በቆርቆሮ ጩኸት፣ ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ እንዋጋለን። ድምፃችን ተዘጋ። ባለሙያውም በሞተሩ መጥቶ አይቶት፣ ሞተሩን አቁሞ፣ ጃኬቱን አውልቆ እያውለበለበ ከእኛ ጋር ሲጮኽ ዋለ። ማታ ከሥራችን ተቀምጦ "ይኼን ደግሞ አላሰብኩትም" አለ። ማንም አልወቀሰውም። ካገኘነው ግማሹን ወፍ በላው፤ ግማሹ ቤት ገባ። ከባዶ ጆንያ ግማሽ ጆንያ ይሻላል።

ከዚያ ዓመት በኋላ ባሏ ሁለቱን መዝራት ጀመረ። ጎርፉ አርፎ በሚጠጣበት ጎድጓዳው ቦታ የድሮውን ረጅም ማሽላ፤ ጠፍ በሆነው ዳገት ላይ አጭሩን፤ አጭሩንም ጎረቤቶቹ በአንድ ሳምንት እንዲዘሩ አግባብቶ፣ ወፉ ለሁሉም እንዲከፋፈል። ከላይ ድንጋይ ደርድሮ ውሃውን ወደ ማሳው የሚመልስ እርከንም ሠራ። አንዱ ቢከዳው አንዱ ያነሣዋል። እኔም ብርቱካን ደግሜ አልተከልኩም። በባዶው ቦታ ዘይቱንና ፓፓያ አበቀልኩ። ፓፓያ ቶሎ ያፈራል፣ ቢሞትም ልብ አይሰብርም። መንደሪኖቹ በሦስተኛው ክረምት እንደገና አበቡ፤ ቀድሞ እንደነበረው አይደለም፣ ደግሞም መጋቢት ላይ አይደለም፣ ግን አበቡ። የመጀመሪያውን ፍሬ ወደ ሐርላ ለአሮጊቷ ላክሁላት። ባሌ ነው የላከልሽ በሏት አልኳቸው፤ ውሸትም አይመስለኝም።

ከዚያ መንደር ምሥረታው መጣ። በየማሳው ዳር ተበትኖ ይኖር የነበረው የሐርላ ሰው ቤቱን አፍርሶ በመስመር ወደተሠራ መንደር ግባ ተባለ። የጎረቤቴ ቤተሰብም ከዘመዶቻቸው ጋር ተመደቡ። ባሏን ያሳሰበው ቤቱ አልነበረም። "ከዚያ ሆኜ ወፍ እንዴት እጠብቃለሁ?" ነበር ያለው። ጉድጓዱ ለኔ ብቻ ቀረ። ሙሉ ውሃ ነበረኝ፤ ቀዳሁት፣ ግን ለብዙ ጊዜ አንዱን ቀን እየዘለልኩ ነበር የምቀዳው፤ እጄ የለመደው ያንን ነው።

በኅዳር አንድ ቀን አክስቷ ታማለች ተብዬ ልጠይቃት ወደ አዲሱ መንደር ወጣሁ። ሴትየዋ ደኅና ሆና አገኘኋት። ጎረቤቴ ግን እጄን ይዛ "ነይ፣ ነይ" ብላ ከመንደሩ አሻግራ ወደ ማሳው ወሰደችኝ። ረጅም መንገድ ነው፤ በየቀኑ እየተመላለሱ ነበር የሚሠሩት። በጎድጓዳው ቦታ የድሮው ማሽላ ቆሟል። ከራሳችን በላይ ነው፤ ራሱ ከብዶት ጎንበስ ብሏል፣ ሲነፍስበት ይንሿሿል። ባሏ ማጭዱን ይዞ ከአገዳው መሀል ወጣና፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠን አንድ ጥንቅሽ መርጦ ቆረጠ። ለሦስታችን ሰባበረው። እርከኑ ላይ ተቀምጠን ልጠን አኘክን። ጣፋጭ ነበር፤ ጭማቂው በእጃችን ላይ ይወርዳል።

"የመጪው ዓመት ዝናብ እንዴት ይሆናል?" ብዬ ጠየቅሁት።

ምጣጩን ተፋና ማሳውን ዙሪያውን ተመለከተ። "እሱ አይነግረንም" አለ። "እኛ ነን የምንዘጋጅለት።" ከዚያ ተነሥቶ ማጭዱን አነሣ፤ ገና ያልታጨደ ብዙ ስለነበር እኔና ሚስቱም ቀሚሳችንን ከፍ አድርገን ተከተልነው።